መስታወቱ ጎን ለጎን ያቆማቸው

መተማ ዮሐንስ ላይ ካሜራ ማንሳት ነገር መፈለግ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ፊቱን ያዞራል፤ ከማዶ ሱዳን ዕቃ አስጭና የመጣች ነጋዴ ሻሿን ወደ ግንባሯ ትስባለች፤ ፖሊሱም «ይህን ደግሞ ለምን ፈለግኸው?» እያለ ይመጣል። ታጠቅ ይህን የተማረው ካሜራ በገዛ በመጀመሪያው ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውን ፊት ለፊት ማንሳት ትቶ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ መስታወት የሚያነሳ ሰው ሆነ።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ጤናውን ተጠራጥሮ ነበር። የቆመ ባጃጅ ስፖኪዮ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ረፋዱን ሙሉ ሲጠብቅ ያዩት ሁሉ «ይህን የጎጃም ልጅ ፀሐይ መታው» አሉ። እሱ ግን የሚጠብቀውን ያውቃል። መዳፍ በምታህለው በዚያች መስታወት ውስጥ መንገዱ ተጠቅልሎ ገብቷል፤ ሰሊጥ የጫኑት መኪኖች ተሰልፈዋል፣ የቆርቆሮው ጣራ ያብረቀርቃል፣ አንዲት ጥግ ብቻ ባዶ ቀርታለች። ታጠቅ ያችን ጥግ የሚሞላለት ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ዱላውን በትከሻው ያጋደመ ገበሬ ወይም ጀሪካን ያዘለች ሴት እዚያች ላይ ስትደርስ ያኔ ይጫናል። በሌንሱ ማጥራት ያለበት መስታወቱን ሳይሆን በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው ነው፤ የራሱ ፊት እንዳይገባበትም ጎንበስ ማለት አለበት። አንዳንዴ ከስንት ጥበቃ በኋላ ፍየል ዘው ትልበትና ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል።

ወደዚህ ቆላ የወረደው ሳሉግ ሆኖ ነው። ሳሉግ ማለት በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ላቡን ይሰጥና ወባውን ይዞ ይመለሳል። ታጠቅ የሰጠው ግን ከላብም አለፈ። ኮኪት ላይ፣ አቶ ዳኛው እርሻ ውስጥ ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭዱ አዳለጠውና የግራ እጁን የቀለበት ጣት ከአንጓዋ ላይ ወሰዳት። ጓደኞቹ «እንግዲህ አንተ ቀለበቱን የት ልታስረው ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። የልቡን ሰው ያገኘው እዚያው ጣቱን ካጣበት ቤት ነው።

አቶ ዳኛው ዳሩ በዓይን የማይዳረስ እርሻ ያላቸው፣ ከተማው «ኢንቨስተሩ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ታጠቅ ተቀጥሮ ከሚሠራበት ፎቶ ቤት ፊት ለፊት የመኪናና የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ሴት ልጃቸው ብሌን ጎንደር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ እሷን የሚጠብቋት ደግሞ አክስቷ እትዬ አሰበች ናቸው።

ሱቁ በር ላይ የከባድ መኪና ስፖኪዮዎች ተንጠልጥለው ይሸጣሉ። አንድ ጠዋት ብሌን አንዱን ስትሰቅል መስታወቱ ዞረና ከመንገዱ ማዶ ታጠቅ ላይ ዐረፈ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በማግሥቱ ታጠቅ ቀና ሲል ስፖኪዮው እንደዞረ ነበር፤ በሌላው ቀንም እንዲሁ። ውሎ አድሮ ልጅቷ ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ መስታወት ማቃናት ሆነ። ቀና ብላ ወንድ ብታይ አክስቷ ይጠረጥራሉ፤ መስታወት ብታይ ግን የሴት ልጅ ወግ ነው፣ ማን ምን ይላታል?

እንዲህ ሆነው ዓመት ከረሙ። ያችን መንገድ ተሻግረው አንድም ቀን ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም። ስልክ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። አንድ ቀን ሲመጣላቸው ብሌን፣

«ካንተ ጋር አንድ ፎቶ እንኳ የለኝ» አለችው።

«እንዴት ብለን እንነሳ? እትዬ አሰበች መሀል ገብተው ካልሆነ።»

«አንተ የመስታወት ሰው አይደለህ? አቁመኛ ካጠገብህ!»

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችው። ከመለዋወጫ ሱቁ ቀጥሎ ረፊቃ የምትባል መስታወት ሻጭ አለች፤ ለቁም ሳጥን የሚሆኑትን ረጃጅም መስታወቶች ከመብራት ምሰሶው ላይ ታስደግፋለች። ታጠቅ ካሜራውን ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ በማቆሚያው አቆመና ሩቁን ጎትቶ የሚያቀርበውን ረጅሙን ሌንስ ገጠመ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ሞላው። ከዚያ ሮጥ ብሎ ባጃጆች የሚቆሙበት ቦታ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ወዲህ ሄዶ ምስሉ መስታወቱ ውስጥ በሚወድቅበት በኩል ቆመ። ብሌን ከሱቅ ወጣችና ከምሰሶው ጎን ሆና፣ አቧራ የምትጠርግ መስላ እጇን ወደ መስታወቱ ጠርዝ ሰደደች። እትዬ አሰበች እዚያው በሩ ላይ ተቀምጠው ብሎን ይለያሉ። የሆነው ይኸው ነው። በመካከላቸው ቦዩም፣ አቧራውም፣ መንገደኛውም ነበር።

ፎቶው ላይ ግን ቦይ የለም፣ መንገደኛ የለም፣ አክስት የለችም። የመስታወቱ ጠርዝ ከምሰሶው ጋር ገጥሞ ጠፍቷል። ታጠቅና ብሌን ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ እጇ ደረቱ ላይ ዐርፏል። ታጠቅ ሁለት አጥቦ አንዱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፤ አንዱን በረፊቃ እጅ ላከላት። ብሌን ከዘይት ማጣሪያ ካርቶኖቹ ሥር ደበቀችው። ሰው ጭር ሲል እያወጣች ታየዋለች፤ በዚህ ዓለም አብረው የኖሩት እዚያች ወረቀት ላይ ብቻ ነበርና ሆዷ ይባባል።

* * *

ሰሊጡ ተወቅቶ ማሽላው ሲደርስ አቶ ዳኛው ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። ላኪው ደረበ የሚባል የገንዳ ውኃ ሰው ነው፤ ትራክተርም ጭነት መኪናም ያለው፣ ክፉ የማይወራበት። አቶ ዳኛው ቃል ሰጡ። ብሌንን የጠየቃት የለም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ «እልል በይ እንጂ» ተባለች።

ኔትወርክ በመጣበት ቀን ለታጠቅ ደወለችለት።

«ሰምተሃል?»

«ሰማሁ።»

«እና ምን ትላለህ?»

«ምን አቅም አለኝ ብሌንዬ? የሳሉግ ሽማግሌ ያንች አባት ደጅ ቢቆም ውሻ ነው የሚፈቱበት።»

«ውሻው ይፈታ! አንተ ብቻ አንድ ቀን አፍህን ሞልተህ ‹የኔ ናት› በል። አንድ ጊዜ ብቻ። የቀረውን እኔ—»

የቀረውን ምን እንደምታደርገው ሳይሰማ መስመሩ ጠፋ። ደጋግሞ ቢሞክርም አልሆነለትም። በስፖኪዮው ውስጥ ሲያያት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መንገዱን ተሻግሮ ሊሄድ ተነሳ፤ እግሩ አልታዘዘው አለ። ተመልሶ ተቀመጠና የራሱን ድክመት ጠላው።

በዚያው ሰሞን ብሌን ከአክስቷ ጋር ለጋብቻው ወረቀት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤቱ መጣች። ታጠቅ ወደ ውስጥ ገብቶ መብራቱን ሲያስተካክል እሷ ፎቶዎቹ የሚታዩበት ቪትሪን አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ቀጥላ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያለ መስታወት ፊቷን በቅርብ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ቢሆን ከካሜራው ኋላ ተደብቆ ነው።

«አገጭሽን ትንሽ ቀና» አላት።

ቀና አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ታጠቅ እስኪደርቅ ጠብቆ አነሳት። እትዬ አሰበች «ይህ መብራት ልጄን አስለቀሳት» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቪትሪኑ ፊት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ታጠቅ «የትኛው ሥራዬ ነው ዛሬ እንዲህ የተወደደልኝ?» እያለ ቀረበ። ከፀጉር ቤቱ መስታወትና ከባጃጁ ስፖኪዮ ፎቶዎች መሀል፣ ብሌን እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆማለች። ባለፈው መብራት ሊጠፋ ሲል ቪትሪኑን በጥድፊያ እንደቀየረ ትዝ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ከመሳቢያው ያወጣሁት እኔው ነኝ ብሎ ደመደመ። ፎቶውን አንስቶ ኪሱ ከተተው። ወሬው ግን ቀድሞት ኮኪት ደርሶ ነበር። የሚወዳትን ልጅ በገዛ እጁ ያዋረዳት መሰለውና ምድር ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ።

* * *

በአቶ ዳኛውና በደረበ ዘመዶች ዘንድ የቆየ ደንብ አለ። የታጨች ልጅ ስሟ ከሌላ ሰው ጋር ከተነሳ ልጅቷን አይጠይቋትም። ሽማግሌዎች ወደ ሰውየው ሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁታል። «የኔ ናት» ካለ የእጮኛው ወገን ቃሉን መልሶ በሰላም ይሄዳል፤ አባትም ወደዱም ጠሉም የዚያን ሰው ሽማግሌ መቀበል ግድ ይሆንባቸዋል። «አይደለችም» ካለ ነገሩ ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይነሳ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታጠቅ ግን የአቸፈር ልጅ ነው፤ ይህን ከየት ሰምቶ? እሱ ያየው ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና ከኋላቸው የቆመውን የአቶ ዳኛውን ፒክአፕ ብቻ ነው።

ትልቁ ሽማግሌ አያ ቢሻው ይባላሉ። ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመው፣

«ያችን ፎቶ አምጣት እስቲ፣ ልጀ» አሉት።

ታጠቅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ለፀሐይ አዙረው ብዙ አዩዋት።

«ይህች የዳኛው ልጅ ናት?»

«ናት፣ አባቴ።»

«ይህስ አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ነው የምንጠይቅህ። አትቸኩል፣ አስበህ መልስልን። ይህች ልጅ ያንተ ናት ወይስ አይደለችም?»

ታጠቅ የሚያውቀውን ሁሉ በመስታወት ነውና የሚያውቀው፣ አሁንም ዓይኑ መስታወት ፈለገ። በፒክአፑ ስፖኪዮ ውስጥ የአቶ ዳኛውን ፊት አየ። ያ የሚፈራ ሰው አንገቱን ደፍቶ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ ባለው ስፖኪዮ ደግሞ ብሌን አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ትክ ብላ አየችውና ራሷን ወደ ታች ነቀነቀችለት፤ አንዴ፣ ደግማም።

ዓመት ሙሉ ያች ልጅ በዓይኗ የተናገረችውን ሁሉ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ይህንንም ያነበበ መሰለው። አድነኝ እያለችኝ ነው አለ በልቡ፤ ስሜን መልስልኝ እያለችኝ ነው። የሚናገረው ቃል እሷን እንደሚያሳጣው እያወቀ አፉን ከፈተ።

«አይደለችም» አለ። «አጠገቤ እንኳ ቆማ አታውቅም።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«መስታወት ነው፣ አባቴ። የመስታወት ሥራ ነው። እሷ ሱቃቸው ደጅ፣ እኔ ከቦዩ ወዲህ ነበርን። አላምን ካሉ ይህን ይዩልኝ» ብሎ ግራ እጁን አነሳ። «ይህች ጣቴ ቆራጣ ናት። እዚህ ፎቶ ላይ ግን በቀኝ እጄ ነው የምትታየው። መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርገዋል።»

አያ ቢሻው ፎቶውንም እጁንም እያፈራረቁ አዩ።

«ምን ቆረጠብህ?»

«ማጭድ ነው። አቶ ዳኛው እርሻ ላይ።»

አቶ ዳኛው ይህን ሲሰሙ ከመኪናው ወረዱ። ታጠቅም ነገሩን ጨርሶ ሊያጠራው ፈለገ፤ አይ ሞኝነት! ካሜራውን አቁሞ እትዬ አሰበችን እጃቸውን ወደ መስታወቱ ጠርዝ ሰደው ከምሰሶው ጎን እንዲቆሙለት በጩኸት ለመናቸው፤ አያ ቢሻውን ደግሞ ከቦዩ ወዲህ አቆማቸው። አነሳና ስክሪኑን ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። ባላቸው የሞተባቸው እትዬ አሰበች እጃቸውን ሰባ ዓመት ያለፋቸው አያ ቢሻው ደረት ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ኧረ በስመ አብ! ሚስቴ እንዳታየው!» አሉ አያ ቢሻው።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሮቹ እየተጋፉ ያያሉ፣ ረፊቃ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ እትዬ አሰበች «ሞት ይሻለኛል!» እያሉ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ከሁሉ በላይ ይስቃሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም «ነገሩ ተዘጋ» ብለው እየሳቁ ሄዱ። አቶ ዳኛው ታጠቅን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

«አንተ ልጅ፣ ጣትህን ወስጀብህ ስሜን መለስክልኝ። ሠርጉን ካንተ በቀር የሚያነሳው የለም።»

ታጠቅ ቀና ብሎ ወደ ስፖኪዮው አየ። ሳቁ ውስጥ ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች። እጇን ዘርግታ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። አፍራ ነው አለ በልቡ።

* * *

ሰው ከተበተነ በኋላ አያ ቢሻው የመለሱለትን ፎቶ ወደ ቦታው ሊመልስ መሳቢያውን ከፈተ። የራሱ ፎቶ እንደተቆለፈበት ተቀምጧል።

አልገባውም። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው። የመሳቢያው ንጹሕ ነው። ከቪትሪኑ የወጣው ግን ጥጉ ላይ ጥቁር የዘይት ጣት አሻራ አለበት፤ ትንሽ፣ የሴት ጣት። የመኪና ዘይት ይሸታል።

ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣለት። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣችበት ቀን። ቪትሪኑ አጠገብ ቆማ የጠበቀችው። «አንድ ጊዜ ብቻ የኔ ናት በል፤ የቀረውን እኔ—» ያለችው። ራሷን ወደ ታች የነቀነቀችለት። ፎቶውን ለአገር ያሳየችው እሷ ናት። በሯን ራሷ ከፍታ እንዲገባባት ስትጠብቀው፣ እሱ ከውጭ በኩል ቆልፎ ቁልፉን ለአባቷ አስረክቧል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ዝም እንኳ ቢል ኖሮ! ታጠቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ከልጅነቱ ወዲህ ወጥቶለት የማያውቀውን ልቅሶ አለቀሰ።

* * *

መንገዱን ተሻገረ። ዓመት ሙሉ እንቢ ያለው እግር አሁን እሺ አለው፤ ምን ሊረባ። የሚከለክለውም አልነበረም፤ ታማኝነቱ አገር የመሰከረለት ልጅ ሱቁ ቢገባ ማን ይጠረጥራል? እትዬ አሰበችም ስለ ቤቱ ስም መመለስ ቅዱስ ዮሐንስን ሊያመሰግኑ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

ብሌን ከባንኮው ኋላ ቆማለች። ስፖኪዮዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«አሁን መጣህ» አለችው።

«ቪትሪን ውስጥ ያስገባሽው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ስነግርህ አይደል መስመሩ የጠፋው! አባቴ ስልኬን ከወሰዱብኝ ወዲህ በምን ልንገርህ? ራሴን ነቀነቅሁልህ፣ በል አልኩህ። ዓመት ሙሉ ዓይኔን ስታነብ ኖረህ ያን ቀን ምን ነካህ?»

«አድነኝ ያልሽ መሰለኝ።»

«አድነኝ ነው ያልኩህ!»

የባንኮውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔኮ ስሜን ጥዬው ነበር፣ ታጠቅ። አውቄ፣ አገር እያየ። አንተ የጣልኩትን አንስተህ፣ አራግፈህ ለአባቴ መለስክላቸው። ማን ለመነህ?»

«አባትሽ ሲያለቅሱ አየሁ። ደግሞ አንችን ቢጎዱሽስ ብዬ ፈራሁ።»

«ይቆጡኝ ነበር። አንድ ክረምት ላያናግሩኝ ይችላሉ። ከዚያ ግን ሽማግሌህን ያስገቡ ነበር፤ ደንባቸው ነዋ!»

«ደንቡን አላውቅም ነበር።»

«ደንቡን ባታውቅ እኔንስ አታውቀኝም?»

ታጠቅ ባንኮው ላይ ያሉትን ማጣሪያዎች ትኩር ብሎ አየ።

«አሁኑኑ ሄጄ ለአያ ቢሻው እነግራቸዋለሁ» አለ። «ዋሽቻለሁ፣ ያለሷ ሕይወት የለኝም እላለሁ።»

«ሁለት ጊዜ አይጠይቁም። ብትነግራቸውስ ማን ይሰማሃል? አክስቴና አያ ቢሻው የተቃቀፉበትን ፎቶ አይቶ ያልሳቀ የለም። ፍቅራችንን መሳቂያ አደረግኸው። ሰው የሳቀበትን ነገር ተመልሶ አያምንም።»

«እንሂድ እንግዲያ። ወደ ገለጉም ቢሆን፣ ወደ ሳንጃም ቢሆን።»

ብሌን በሐዘን ፈገግ አለች። «በየትኛው መንገድ? መንገዱ ሰላም አጥቶ የተጫነ መኪና እንኳ ያለ ወታደር አጀብ መውጣት አቅቶት ይኸው ቆሟል። እኔና አንተ በምን እናልፋለን?»

ከውጭ የቆሙት መኪኖች ሞተር ይሰማል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ብሌን እጇን በባንኮው ላይ ዘርግታ ግራ እጁን ያዘችው። ቆራጣዋን ጣት በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳሰሰቻት።

«ይችን ጣት ስንት ጊዜ በመስታወት አየኋት መሰለህ። ሁልጊዜ በቀኝህ ነበር የማውቃት። ለካ በግራህ ናት» አለችው። «ለሽማግሌዎቹ ስታሳያቸው ነው እኔም ያወቅሁት።»

እትዬ አሰበች ከሩቅ ሲመጡ ታዩ፤ እጇን መለሰች። ሲወጣ አክስቷ በር ላይ አግኝተውት «ተባረክ ልጀ፣ ያንተን ዓይነት ያብዛልን» አሉት። ምርቃቱ እንደ እርግማን ልቡ ላይ ተቀመጠ።

* * *

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ታጠቅ ልታመም፣ ልጥፋ፣ ካሜራው ተበላሸ ልበል እያለ ሰነበተ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከድንኳኑ ደጅ ተገኘ። ሌላ ሰው ሲያነሳት ማየት አልቻለም። ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ አነሳት፣ የአባቷን ጉልበት ስትስም አነሳት፣ ደረበ ቀለበት ሲያስርላት አነሳት። መስታወት አልፈለገም፤ ፊት ለፊት ነበር የሚያነሳው። የሚያየው በሌንስ በመሆኑ ብቻ ሰው ዓይኑን አላየበትም።

ደረበ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ለታጠቅ በቀለለው። ዘመድ አዝማድ ተራ በተራ ተነስቶ ሲያበቃ ሙሽራው እጁን አውለበለበ።

«ፎቶ አንሺው! አንተስ? ስማችንን ያተረፍክልን ሰው ዝም ብለህ ልትሄድ ነው? ና እንጂ!»

«እኔ እንኳ ሥራ ላይ ነኝ፣ ይቅርብኝ» አለ ታጠቅ።

«ምን ማለትህ ነው!» አሉ አቶ ዳኛው። ካሜራውን ከአንገቱ አውልቀው ለአንዱ ሚዜ ሰጡና ክንዱን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱት። «እዚህ ጋ፣ ከልጄ ጎን ቁም።»

ቆመ። በደረበና በታጠቅ መሀል ነጭ የለበሰችው ብሌን አለች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። ምሰሶ የለም፣ ቦይ የለም፣ ጠርዝ የለም። ሚዜው ካሜራውን አልለመደውምና ሲነካካ ቆየ፤ ያች ቆይታ ለታጠቅ የዕድሜውን ያህል ረዘመችበት። አንገቱን ደፋ።

«አገጭህን ትንሽ ቀና» አለችው ብሌን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ቀና አደረገ። ሚዜው ተጫነ።

ታጠቅ በማግሥቱ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሠርጉን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። እዚያኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ የፈለገው የእሷን ፊት አልነበረም፤ የራሱን እጅ ነበር። ቆራጣዋ ጣት በግራው ናት። ይህኛው መስታወት የለበትም።